«ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» ከመባሉ በፊት፦ የወላጆችን ታሪክ ከሰፈር ሰው ጋር የመሰብሰቢያ መንገድ

ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርታቸውን ተከታተሉ። ትዳር መሥርተው ይህን ያህል ልጆች አፈሩ። ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው... የማንም ስም ቢገባበት ያስኬዳል። በጻፈው ሰው አይፈረድም። ብዙውን ጊዜ ድንኳን እየተተከለ፣ ሌሊት ላይ «አንተ ተምረሃልና ጻፍ» የተባለ የወንድም ልጅ ነው። ልጆቹ እያለቀሱ ማንን ይጠይቅ? ዓመተ ምሕረቱንም በግምት ያስገባዋል።

ይህ መመሪያ ያ ሌሊት ሳይመጣ ለመሥራት ነው። ወላጆቻቸው ላለፉባቸውም ያገለግላል፤ የሚያውቋቸው ሰዎች እስካሉ ድረስ አልረፈደም። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እንግባባ። የእናታችሁ ታሪክ ግማሹ ቤታችሁ ውስጥ የለም። ጎረቤት ጋ ነው ያለው። ለልጇ ያልነገረችውን ለማኅበርተኛዋ ነግራለች። ቤት ውስጥ ቁጥብ የነበረ አባትም መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሰው የሚያስቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «መጀመሪያ ጽፌ ልጨርስ፣ ከዚያ ለሰው አሳያለሁ» የሚለውን ሐሳብ ተዉት። እያወራችሁ ነው የምትሰበስቡት።

1. ሰው ቁጠሩ

ወረቀት አውጡና መሐሉ ላይ የአባታችሁን ወይም የእናታችሁን ስም ጻፉ። የአንዳቸውን ብቻ። ሁለቱን አንድ ላይ ከጀመራችሁ አባት ያወራል፣ እናት «እሱ እንዳለው ነው» ትላለች፣ በዚያው ያልቃል።

በስሙ ዙሪያ የሚያውቋቸውን ሰዎች ጻፉ። ዘመድ ቀድሞ ይመጣል፤ ይምጣ። ከዚያ ወደ ውጭ ውጡ። የሠርጋቸው ሚዜ። አብራት ማኅበር የምትጠጣው። የእቁቡ ሰብሳቢ። የመሥሪያ ቤት ባልደረባ። አራስ ቤት ገብታ ገንፎ ያገነፋችው ጎረቤት። ሰፈሩን በሙሉ በዱቤ ደብተር ያኖር የነበረው ባለሱቅ። የእድሩን ጡሩምባ ነፊም አትርሱ። ያ ሰው ለዓመታት ጎህ ሳይቀድ በየደጁ አልፏል። የቱ ቤት የማን እንደነበር፣ ማን መቼ እንደሞተና ማን ከየት እንደመጣ የሱን ያህል የሚያውቅ አይገኝም። ጠይቆት የሚያውቅ ግን ስንት ሰው ነው?

የእድሩ ጸሐፊ ጋ ደግሞ የድሮው መዝገብ አለ። ወላጆቻችሁ አባል የሆኑበት ቀን ሰፈሩ ውስጥ የገቡበትን ጊዜ ይጠቁማል። ቤታችሁ ሐዘን የደረሰበት ቀንም የእድሩ ገንዘብ ወጪ ሲሆን ተመዝግቧል። ታዲያ ዘው ብሎ መዝገብ አምጡ ማለት አይገባም። መጀመሪያ ሊቀመንበሩን አስፈቅዱ። የምታዩት የእናንተን ቤት ብቻ ይሁን። የሌላው ውዝፍና ቅጣት አይመለከታችሁም።

ሰፈሩ ከሌለስ? ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ አብሮ የኖረ ሰው ወደየኮንዶሚኒየሙና ወደ ከተማው ዳር ተበትኗል። እንዲህ ከሆነ ሥራችሁ የሚጀምረው ከስልክ ነው። የእድሩ የስልክ ዝርዝር ወይም የሰፈር ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ካለ ግማሹ መንገድ አለቀ።

ከዝርዝሩ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዕድሜው የገፋውና ያመመው ነው። የቅርብ ዘመድ ይቆያል።

2. ፎቶና ወረቀት አውጡ

ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ «እስቲ ስለ ድሮ ንገሩኝ» ካላችሁ የምታገኙት «ድሮማ ምን ጥሩ ነበር፣ ሁሉም ርካሽ ነበር» የሚል ነው። አንድ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወሬው መልክ ይይዛል።

ፎቶውን ከማየታችሁ በፊት ጀርባውን ገልብጡ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም ካለ ከተማውን ይነግራችኋል። «ለማስታወሻ ይሁንሽ» የሚል ጽሑፍ ካለ ለማን እንደተሰጠ ጠይቁ። አባታችሁ ለእናታችሁ የሰጡት ነው ብላችሁ ያሰባችሁት ፎቶ ለሌላ ሴት ተጽፎ፣ ሳይሰጥ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ይሄም ታሪክ ነው። ግን ስድስተኛውን ክፍል ሳታነቡ ጮክ ብላችሁ አታንብቡት!

የሚያጣብቅ ገጽ ባለው አልበም ውስጥ የከረመ ፎቶ አልላቀቅ ካለ አትጎትቱ። ይቀደዳል። እዚያው እንዳለ መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ ሳትጠቀሙ በስልክ አንሱት። የሰዎቹን ስም ጀርባው ላይ መጻፍ ከፈለጋችሁ በእርሳስ፣ ጫና ሳታደርጉ ጻፉ። እስክሪብቶ ፊት ለፊቱ ድረስ ይወጣል። ስም ስትጽፉ «ከግራ ሁለተኛ» እያላችሁ ጻፉ። «እኔና ጓደኞቼ» ለልጅ ልጅ ምንም አይነግረውም።

ወረቀት የምትሉት የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ውል፣ የደሞዝ ደረሰኝ፣ የቀበሌ መታወቂያ ነው። አድራሻው ላይ «ከፍተኛ» የሚል ካያችሁ የደርግ ዘመን አደረጃጀት ነው። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱና ወደነበረበት መልሱ። ኦሪጅናሉን ይዞ መጥፋት ከወንድምና ከእህት ጋር ያጣላል።

3. ትንንሽ ነገር ጠይቁ

«ሕይወትዎ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ጥያቄ የለም። ማንም አይመልሰውም። እጅ የነካውን፣ አፍ የቀመሰውን ጠይቁ። የመጀመሪያ ደሞዝ ስንት ነበር፣ ምን ተገዛበት? ውሃ ከየት ይቀዳ ነበር? የሠርጉ ቀን ማን አኮረፈ? ስሜን ማን አወጣው? አማትሽ ምን ብላ ትጠራሽ ነበር?

የራሳችሁን እናት እንደለመዳችሁት «አንቺ» እያላችሁ፣ ጎረቤቷን ግን «እትዬ» ብላችሁ በ«እርስዎ» ጠይቁ። ቅጂ ላይ ነን ብላችሁ አነጋገር አትቀይሩ። እናቱን ሁልጊዜ «አንቺ» የሚል ልጅ ድንገት «እርስዎ» ካላት ምን ሆነሃል ትለዋለች።

ከሁሉም በላይ ሦስተኛውን ጥያቄ አትዝለሉ። ሁለተኛው ላይ የሚያቆም ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ነው የሚሄደው፦

«እማዬ፣ አዲስ አበባ ስትመጪ ማን ቤት ነው ያረፍሽው?»
«አክስቴ ጋ።»
«አክስቴ ያልሽው የማን እህት ናት?»
«እህት እንኳ አይደለችም። የአገር ልጅ ናት። አክስቴ እላት ነበር።»
«ምን ትሠራ ነበር?»
«ጠላ ትሸጣለች። ጌሾውን የምወቅጠው እኔ ነበርኩ። ሌሊት አስነስታኝ... እጄ እንዴት ያብጥ እንደነበር!»

የመጀመሪያው መልስ ላይ ብታቆሙ ዘር ሐረጋችሁ ውስጥ የሌለች አክስት ታስገቡ ነበር። ጠላ ቤቱንም አታገኙትም። እኛ ዘንድ «ወንድሜ» እና «አክስቴ» ሁልጊዜ የሥጋ አይደሉም፤ በየጊዜው አጣሩ።

ዝም ሲሉ ዝም በሉ። አስር ሰከንድ ረጅም ነው፤ ቢሆንም ቻሉት። ጥሩው ነገር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ነው። ካለቀሱም ወዲያው «በቃ እንተወው» አትበሉ። ውሃ ስጡና ይቀጥሉ እንደሆነ እሳቸውን ጠይቁ።

4. ዘመኑን በሌላ ነገር አስሉት

«መቼ ነው?» ተብሎ ዓመተ ምሕረት የሚናገር አዛውንት ትንሽ ነው። «እኔ እንጃ ልጄ» ነው መልሱ። እሳቸው የማይረሱትን ነገር መሐል አስገቡ። ከዚያ በፊት ነው በኋላ? በሉ።

ከተማ ለኖረ ሰው እነዚህ ይሠራሉ፦ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነው። የእነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ግርግር ታኅሣሥ 1953። የአፍሪካ ዋንጫ የበላነው ጥር 1954። ንግሥት ኤልሳቤጥ የመጣችው 1957። አብዮቱ የፈነዳው የካቲት 1966። ትርፍ ቤት የተወረሰው ሐምሌ 19 ቀን 1967፤ ይህን ቀን የአከራይም የተከራይም ልጅ ቤቱ ውስጥ ሲወራ ሰምቶት አድጓል። የብር ኖት የተለወጠው 1969። ለገጠር ሰው ደግሞ መሬት ላራሹ የታወጀበትን የካቲት 1967ንና የ1977ን ድርቅ ጠይቁ። እስራኤል ላሉ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ያው 1977 የሱዳን መንገድ ነው። እዚያ ቤት የሚጠየቀው ዓመቱ ብቻ አይደለም፤ ከየትኛው መንደር እንደተነሱ፣ በየት በየት እንዳለፉና መንገድ ላይ የቀረው ማን እንደሆነ ነው።

ለልደት ዘመን ሌላ ዘዴ አለ። ብዙ እናቶች ዓመቱን ባያውቁም «ዘመነ ሉቃስ ነው» ወይም «ዘመነ ዮሐንስ ነው» ይላሉ። ይሄ ትልቅ መረጃ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት አካፍሉት። ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ፣ አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ ነው። እናታችሁ «ዘመነ ዮሐንስ ነው የተወለድኩት፣ በታኅሣሡ ግርግር ጊዜ ዳዴ እል ነበር አሉኝ» ካለች 1948 አይሆንም፤ ያኔ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናታል። 1952 ነው። ወሩን በበዓል ጠይቁ። «የኅዳር ሚካኤል ማግስት» ካለች ቀኑንም አገኛችሁ፤ ኅዳር 13።

ሙስሊም ቤተሰብ ውስጥ ረመዳን በየትኛው ወቅት እንደዋለ ጠይቁ። የሂጅራ ዓመት አስራ አንድ ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዳን ወቅቶቹን ሁሉ ለመዞር 33 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። «ረመዳን ሐምሌ ላይ ገብቶ፣ ዶፍ ዝናብ ነበር» ያሉት ሰው የሚያወሩት ስለ 1940 አካባቢ ወይም ስለ 1972 አካባቢ ነው። የትኛው እንደሆነ ዕድሜያቸው ይነግራችኋል።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ፓስፖርት ላይ ያለውን ቀን አትመኑ። በፈረንጅ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ማብቂያቸው ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው የሚቀነሰው። ፎርም የሞላው ሰው ይህን ካላሰበበት አንድ ዓመት ወዲያ ወይም ወዲህ ሄዷል።

5. መቅዳት

ይሄ ቀላሉ ነው። የስልካችሁ የድምፅ መቅጃ ይበቃል። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ አለዚያ ጥሩው ቦታ ላይ ስልክ ይደወላል። ከአፋቸው አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጋችሁ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት። ቴሌቪዥን ይዘጋ። ቡና የሚወቀጥ ከሆነ ተወቅጦ ይለቅ። መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የሰውየውን ስም በራሳችሁ ድምፅ ተናገሩ።

ቪዲዮ አልመክርም። ካሜራ ሲያዩ ነጠላቸውን ያስተካክሉና እንደ ዜና አንባቢ ይቀመጣሉ። ከአርባ ደቂቃ በላይም አታድክሟቸው። ሌላ ቀን ተመለሱ።

የተቀዳውን በዕለቱ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ቴሌግራም ላይ ፎቶ ስትልኩ «እንደ ፋይል» ላኩ፤ በተራው መንገድ ከላካችሁት ጥራቱ ይወርዳል።

6. ሦስት ክምር

ትንሽ ሰፈር ውስጥ ታሪክ ባለቤቱ ብዙ ነው። አባታችሁ በቀይ ሽብር ጊዜ ማን እንደጠቆመባቸው ቢናገሩ፣ የጠቋሚው ልጅ ዛሬ እዚያው እድር ውስጥ ከእናንተ ጋር ድንኳን ይተክላል። ልጁ ምን አደረገ? ከሌላ የተወለደ ልጅ፣ የድንበር ክርክር፣ የሰው በሽታ፣ አንዱን ቤተሰብ «እነ እገሌ እኮ ጨዋ አይደሉም» ያሰኘ የዘር ሐሜት፣ ይሄ ሁሉ ጥያቄ ስትጠይቁ አብሮ ይወጣል።

ስለዚህ የሰበሰባችሁትን በሦስት ክፈሉ። አንደኛው ለሁሉም የሚነገር። ሁለተኛው ለቤተሰብ ብቻ። ሦስተኛው የሚቀመጥ፤ የማይጠፋ፣ የማይነገርም። የሚከፍሉት እናንተ አይደላችሁም። በእያንዳንዱ ቅጂ መጨረሻ ላይ «እማዬ፣ ከዚህ ውስጥ ለሰው የማይነገረው የቱ ነው?» በሏት። መልሱ ያስገርማችኋል። ከባድ ነው ብላችሁ የፈራችሁትን «ይነገር፣ ምን አለበት» ትልና፣ ተራ የመሰላችሁን አንድ የብድር ነገር «እሱን ተወው» ትላለች። «መቅጃውን አጥፋው» ካለች አጥፉት። ሰርቆ መቅዳት ነውር ነው። እናት ስለሆነች አይቀልም፤ ይብሳል።

ወላጁ በሕይወት ከሌሉ የሚወስነው ታላቅየው ልጅ ብቻ አይሁን። እህትማማችና ወንድማማች ሁሉ ይስማሙበት። አንዱ «አይሆንም» ካለ ሁለተኛው ክምር ውስጥ ይግባ።

7. የትዝታ ቡና

አሁን ሰው ትጠራላችሁ። የእድሩን ወርኃዊ ስብሰባ ለዚህ አትጠቀሙ። እዚያ መዋጮና ቅጣት ነው የሚወራው፤ ሰውም ለመሄድ ይቸኩላል። አግዳሚውንና ብርጭቆውን ግን ከእድሩ መዋስ ይቻላል። እሁድ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጥሩ ነው። አስር፣ አሥራ አምስት ሰው ይበቃል። ቆሎና ዳቦ ይቅረብ። ዶሮ ከተሠራ ነገሩ ድግስ ሆነ። ድግስ ከሆነ ደግሞ የሚቀጥለው ቤተሰብ «እኛ አቅም የለንም» ብሎ ይቀራል።

ሐዘኑ ገና ትኩስ ከሆነ አታድርጉት። አርባው ይለፍ። ሙት ዓመት ላይ ግን ሰው አስቀድሞ ስለሚሰበሰብ ከምሳ በኋላ ይመቻል።

አካሄዱን ቡናው ራሱ ሠርቶላችኋል። አቦሉ ሲቀዳ ፎቶዎቹ ይዙሩ። ማንም ንግግር አያድርግ፤ ሰው ፎቶ ይዞ ከአጠገቡ ካለው ሰው ጋር ያውራ። ቶናው ላይ እንግዶቹ ይናገሩ። ቤተሰቡ ዝም ይበል። ይሄ ከባድ ነው፤ ልጆች ጣልቃ መግባት ይወዳሉ። ግን ሰው የጠራችሁት እናንተ የማታውቁትን ለመስማት ነው። አንድ ሰው ተራ አስያዥ ይሁን። ረጅም የሚያወራውን «ጋሼ፣ ይሄን ለብቻ መጥቼ እቀዳዎታለሁ» ብሎ በአክብሮት የሚያስቆም መሆን አለበት። በረካው ላይ ከልጅ ልጆቹ አንዱ እስካሁን የተጻፈውን አንድ ገጽ ያንብብ። ከአንድ ገጽ አይለፍ። ሰው የሚያርመው ያኔ ነው።

እርማቱ ጭቅጭቅ ሊሆን ይችላል። አንዷ «ቤቱን የሠሩት ከአብዮቱ በፊት ነው» ትላለች፣ ሌላው «ኧረ በኋላ ነው» ይላል። አትፍረዱ። «እትዬ እንዲህ አሉ፣ ጋሼ እንዲህ አሉ» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ወላጁ በሕይወት ካሉ የሚቀመጡት በደንብ በሚሰማቸው ቦታ ይሁን፤ መጨረሻ ላይም እሳቸው ይናገሩ።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ፣ ወይም ሌላ ከተማ ማኅበር የምትጠጡ ይህንኑ ማድረግ ትችላላችሁ። ልዩነቱ የልጆቹ አማርኛ ነው። ገጹን ልጁ በሚችለው ቋንቋ ያንብብ፤ አያቱ በአማርኛ ይመልሱ። ከመሐል የሚያስተረጉም አንድ ሰው አይጠፋም። ልጁ አንድ ጥያቄ ራሱ አዘጋጅቶ እንዲመጣ አድርጉ። «አያቴ፣ በልጅነትሽ ምን ትፈሪ ነበር?» ያለ ልጅ ለመልሱ ጆሮውን ይሰጣል።

8. ወረቀት ላይ ማስቀመጥ

ቅጂውን በሙሉ ቃል በቃል ልገልብጥ ካላችሁ ትሰለቻላችሁ፣ ሥራውም ይቆማል። አምስት ስድስት ታሪክ ምረጡ። እያንዳንዱን ከአንድ ገጽ በማይበልጥ ጻፉ። አነጋገራቸውን አታሳምሩ። እናታችሁ ጎጃሜ ከሆነች በጎጃምኛዋ ትናገር። «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» የሚለውን አውጡና በቦታው ፊደል ያስቆጠሯቸውን የኔታና ያመለጡበትን ቀን አስገቡ።

ፎቶ ኮፒ ቤት ሃያ ኮፒ አስወጥታችሁ አስጠርዙት። በቀኝ በኩል ሰፊ ኅዳግ፣ መጨረሻ ላይ ሦስት አራት ባዶ ገጽ ይኑረው። አንዱን ለእድሩ ጸሐፊ፣ አንዱን ለማኅበሩ፣ ሌላውን ቡናው ላይ ለተገኘ ሁሉ ስጡ። ስትሰጡ «ወር ሲሞላ መጥቼ አየዋለሁ፣ የተሳሳተውን እዚሁ ላይ ይጻፉልኝ» በሉ። መጻፍ የማይችል ካለ ልጁ ይጻፍለት። ወሩ ሲሞላ ዞራችሁ ኅዳጉን በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ኮፒውን ለባለቤቱ መልሱ፣ የቀጣዩን ቤተሰብ ቀንም እዚያው ቁረጡ።